ስድስት ወር ሙሉ ኮሶ ያልተመዘገበበት ቄራ፦ የስጋ መርማሪዎችን እንዴት እንቆጣጠር?

ሐኪሟ ከምሥራቅ ጎጃም፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ከተማ ቄራ የስጋ መርማሪዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። መርማሪዎቹ አራት ናቸው፤ በየሌሊቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። እርዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይዘልቃል። በአዘቦት ቀን 20 ከብት ገደማ ይታረዳል፣ አርብ ሌሊት ለቅዳሜ ገበያ 40 ይደርሳል፣ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ከ60 ያልፋል።

መዝገቡን ሳገላብጥ ሁለት ነገር አላማረኝም። ላለፉት ስድስት ወራት አንድም የኮሶ እጭ አልተጻፈም። በጉበት ቁልጭም (ጉበትን በሚጎዳው ጠፍጣፋ ትል) ምክንያት ደግሞ አንደኛው መርማሪ በተራው ከአሥር ጉበት አራት አምስቱን ሲያስወግድ፣ ሌላኛው በተራው ከአሥር አንድ ብቻ ነው። ከብቶቹ የሚመጡት ከአንድ ገበያ ነው።

ሌሊቱን በሙሉ ከጎናቸው መቆም አልችልም። ሥራቸው በትክክል መሠራቱን በምን ልለካው? በቅርቡ ደግሞ አንድ አነስተኛ የዶሮ ማረጃ ሥራ ሊጀምር ስለሆነ የዶሮውንም ነገር የምታውቁ ብትጨምሩልኝ።

ነባር የቄራ ሐኪም፦

ዶክተር፣ ከኮሶው እንጀምር፤ ሌላው ከሱ ይመዘዛል። ጥሬ ስጋ በሚበላበት አገር፣ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ገና ካልቀረበት ገጠር ከሚመጣ ከብት ስድስት ወር ሙሉ አንድ እጭ ታጣ ቢባል የሚታመን አይደለም። ቢላዋው አልገባም፣ ወይም ገብቶ የተገኘው አልተጻፈም። መዝገብ ላይ ዜሮ ሲያዩ ይደንግጡ።

መዝገቡን ትተው የመርማሪውን እጅ ይመልከቱ። በየጎኑ ያለው የውጭ የመንጋጋ ጡንቻ ሁለት ቦታ፣ የውስጡ አንድ ቦታ፣ ከመንጋጋ አጥንቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ጡንቻው ወለል ብሎ እስኪከፈት ይቆረጣል። ምላስ ይዳሰሳል። ልብ ከላይ እስከ ጫፉ ይሰነጠቅና መሃል ያለው ግድግዳ ሳይቀር ይታያል። ወርቹ ላይ ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ ሦስት ጥልቅ ትይዩ ቁርጥ ይገባል። ዲያፍራሙ (ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ላይ ያለው ስስ ሽፋን ተገፎ ጡንቻው ይመረመራል።

ከእነዚህ መካከል ቶሎ የሚዘለለው ወርቹ ነው፤ ባለ ሉካንዳው «ስጋዬን ተለተልከው፣ ማን ይገዛኛል?» ስለሚል። ቀጥሎ የውስጠኛው የመንጋጋ ጡንቻ ነው። ጭንቅላቱ መሬት ወይም ሲሚንቶ ላይ ተጥሎ ከሆነ የሚመረመረው፣ ጎንበስ ብሎ እዚያ ድረስ መቁረጥ ለማንም አይመችም። መርማሪውን ከመውቀስዎ በፊት ጭንቅላት በደረት ትክክል የሚንጠለጠልበት መንጠቆ መኖሩን ይዩ። ከሌለ መጀመሪያ እሱን ያሠሩ።

የሚፈለገውም ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ሕያው እጭ የአተር ፍሬ የምታህል ሞላላ ከረጢት ናት፤ ፈሳሹ ጥርት ያለ፣ ውስጧ አንድ ነጭ ነጥብ ያላት። የሞተው ግን ቢጫ ሆኖ አይብ ወይም ኖራ የመሰለ ጠጣር ይሆናል፣ ልብ ላይም የሚበዛው ይኸኛው ነው። ብዙ መርማሪ የሞተውን «አሮጌ ቁስል» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ኮሶ ተብሎ ይጻፍ፤ አጠገቡ «ሕያው» ወይም «የሞተ» የሚል ይጨመርበት።

አሁን ዋናው ነገር። እጭ ሲገኝ ስጋው የት ይሄዳል? ጥቂት ከሆነና በአንድ ቦታ ብቻ ከታየ፣ የተነካው ክፍል ተወግዶ ቀሪው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ10 ቀን ይቆያል፤ ወይም ውስጡ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ይቀቀላል። በመላ ሰውነቱ ከተሰራጨ ሙሉ ስጋው ይወገዳል። ቄራው ማቀዝቀዣ ከሌለው መርማሪው እጭ ባገኘ ቁጥር ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ ሙሉ በሬ ማስወገድ ወይም ዓይኑን መጨፈን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ፣ ብዙው ሰው የሚመርጠው የቱን እንደሆነ ይታወቃል። የእርስዎ የመጀመሪያ ሥራ ለዚያ ስጋ መሄጃ ማበጀት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ድርጅት ጋር መዋዋል፣ ወይም ትልቅ መቀቀያና ቴርሞሜትር ማዘጋጀት፣ ውሳኔውንም በጽሑፍ አውጥቶ ለባለ ሉካንዳዎቹ አስቀድሞ ማሳወቅ። ይህ በተደረገ በሁለተኛው ሳምንት መዝገቡ ላይ ኮሶ ብቅ ብቅ ሲል ያዩታል።

ስለ ጉበቱ፦ ልዩነቱ ከማየት ይልቅ ከመወሰን የሚመጣ ይመስለኛል። አንዱ አንዲት ቁልጭም ባየ ቁጥር ሙሉ ጉበት ይጥላል፣ ሌላው የሐሞት ቧንቧውን ሳይከፍት በዓይን ብቻ ያሳልፋል። አራቱንም በአንድ ሌሊት ሰብስበው አሥር ጉበት ቁጥር እየሰጡ ይደርድሩ። ጉበት አንዴ ከተቆረጠ ቀጣዩ ሰው የፊተኛውን ቁርጥ ስለሚያይ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሳይቆርጡ አይተውና ዳስሰው ግምታቸውን ይጻፉ። ከዚያ አንዱ በጨጓራ በኩል ባለው ፊት ዋናው የሐሞት ቧንቧ እስኪከፈት ይቁረጥ፣ ጅራት በመሰለው ትንሹ የጉበት ክፍል ሥርም ሌላ ቁርጥ ያክል። አሁንም ሳይነጋገሩ እያንዳንዱ ውሳኔውን በየወረቀቱ ያስፍር። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሲያደርጉ ማን የት ላይ እንደሚለይ ይወጣል። ቧንቧው ካልወፈረና የተጎዳው ጠርዝ ብቻ ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ይበቃል፤ ቧንቧው እንደ ገመድ ጠንክሮ ጉበቱ ከተኮማተረ ሙሉው ይወገዳል። ይህን በወር አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ሌሊቱን ሙሉ መቆም አይጠበቅብዎትም። ሰዓቱን መምረጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ማንም ጎበዝ ነው፤ ሥራው የሚላላው በመጨረሻው አንድ ሰዓት ነው። ሳይነግሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይግቡና ማህተም የተመታባቸውን አምስት ጭንቅላትና አምስት ልብ አንስተው ቁርጡን ይቁጠሩ። ቁርጥ አይዋሽም፤ ሦስት መሆን የነበረበት አንድ ከሆነ ያዩታል። በጥልቀት ያልገባውንም በጣት ገልጠው ያውቁታል።

የሰው ቁጥሩን ደግሞ በሰዓት ይለኩት። አንድ ከብት ጭንቅላቱ፣ የሆድ ዕቃው፣ ሙሉ ስጋው በአግባቡ ታይቶ 5 ደቂቃ ከወሰደ አንድ ሰው በሰዓት 12 ያያል። 60 ከብት በአምስት ሰዓት ማለት አንድ ሰው ሳይቀመጥ፣ ቢላዋ ሳይስል፣ ሳይጽፍ ማለት ነው። ሁለት ሰው ሲገቡ ይበቃሉ፣ ግን አንደኛው ማህተም መቺና መዝገብ ያዥ ሆኖ ከዋለ ያው አንድ ሰው ናቸው። በየ30 ደቂቃው ጭንቅላት ላይ ያለው ከሆድ ዕቃ ላይ ካለው ጋር ይቀያየር፤ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ሲያይ ያመሸ ዓይን ይደነዝዛል።

የውሃና የብርሃን ባለሙያ፦

ዶክተር በላይኛው መልስ ላይ ትንሽ ልጨምር። መርማሪው ማየት ካልቻለ ሥልጠናው ዋጋ የለውም። በምርመራ ቦታ ላይ የሚጠየቀው ብርሃን 540 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ነው፣ በሌላው የሥራ ክፍል 220። ብዙ ቄራ ውስጥ ጣሪያ ላይ አንድ ደብዛዛ አምፖል ብቻ ይሰቀልና ጥላው በትክክል መርማሪው በሚቆርጥበት ላይ ያርፋል። መብራቱ ከመርማሪው ጀርባ ሳይሆን ከፊቱና ከጎኑ ይምጣ፤ ቢጫ ሳይሆን ነጭ ይሁን፣ በቢጫ መብራት ወፍ በሽታ ያለበት ስጋ ጤነኛ ይመስላል። ብርሃን መለኪያ ከሌለዎት ስልክዎ ላይ ያለው መተግበሪያ ለግምት ይሆናል።

ቢላዋ ለእያንዳንዱ መርማሪ ቢያንስ ሁለት። አንዱ 82 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሲቆይ በሌላው ይሠራል፤ መግል ወይም ንፍፊት ከቆረጠ በኋላ ወዲያው ይለውጣል። እዚህ ላይ የደጋው ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ አምጥቶ ቀዝቃዛ ባልዲ ውስጥ ቢገለብጡት ወዲያው ከ82 በታች ይወርዳል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለብ ያለ፣ ደም የተቀላቀለበት ውሃ ብቻ ነው የሚቀረው። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የቢላዋ ማምከኛ ካልተገኘ ድስቱ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ይሁን። ቴርሞሜትሩን በበረዶ ውሃ ውስጥ ከተው ዜሮ ማሳየቱን ያረጋግጡ። በፈላ ውሃ ካረጋገጡት እኛ ዘንድ 100 አይልም፣ ተበላሽቷል ብለው እንዳይጥሉት።

ሐኪሟ ከምሥራቅ ጎጃም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የማቀዝቀዣው ነገር ልክ ነው፣ የለንም። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ባለ ሉካንዳዎች መርማሪዎቹን ሲጫኑ ተቆጣጣሪ ምን ማድረግ ይችላል? ሌላው፣ ማታ በረት ውስጥ ገብቶ ያደረ ከብት ሳይታረድ ሞቶ ሲገኝ «ቶሎ ይታረድ፣ ገና ትኩስ ነው» የሚሉ አሉ።

የመዝገብና የማህተም ባለሙያ፦

እህት ዓለም፣ ከሁለተኛው ልነሣ፣ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። በረት ውስጥ በድንገት የሞተ ከብት አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ ሆዱ አይከፈትም። ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር የማይረጋ ደም ከወጣ፣ ሰውነቱ ቶሎ ካበጠና ካልተገተረ አባ ሰንጋ ብለሽ ያዢው። ሬሳው ካልተከፈተ ባክቴሪያው ውስጡ ባለው ብስባሽ ይሞታል። አየር ካገኘ ግን መሬት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ ዘር ሆኖ ይቀመጣል። ከጆሮው ደም ሥር በጓንት ትንሽ ደም ወስደሽ በመስታወት ላይ ቀብተሽ ወደ ላቦራቶሪ ላኪ፣ ቀዳዳዎቹን በፀረ ተባይ በተነከረ ጥጥ ድፈኚ። ማቃጠል ይሻላል፤ ካልሆነ ከውሃ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር። ኖራ ግን አትነስንሺበት፤ በተለምዶ ይደረጋል፣ ለአባ ሰንጋ ግን ካልሲየሙ ለዘሩ መቆየት ሊያግዝ ስለሚችል አይመከርም። ያን ሌሊት በረቱ ይዘጋ፣ አብረው የነበሩት ከብቶች ሙቀታቸው እየተለካ ይቆዩ።

ይህ እንዳይመጣ ቅድመ እርድ ምርመራው በቀን ብርሃን ይሁን። ማታ 2 ሰዓት ላይ በባትሪ የሚደረግ የቆመ ከብት ምርመራ ለስም ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ከብቱ ቆሞም ሲራመድም ከሁለቱም ጎን ይታይ፤ ከታየ 24 ሰዓት ካለፈው እንደገና ይታይ። ሙቀቱ ከ40.5 ዲግሪ ካለፈ ይታገድ። ከሩቅ ገበያ ሲነዳ የዋለ ከብት በድካም ሊሞቅ ስለሚችል አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ ደግሞ ይለካ። ደክሞ የታረደ ከብት ስጋው ጠቁሮ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ መርማሪው ይህንን ከበሽታ መለየት አለበት። በመርፌ ተወግቶ ወደ ገበያ የተላከም አለ። ረጅም ጊዜ የሚቆየው 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከተወጋ በኋላ 28 ቀን ገደማ መጠበቅ አለበት። አንገት ወይም ታፋ ላይ ትኩስ የመርፌ እብጠት የታየበትን ከብት መርማሪው ባለቤቱን ሳይጠይቅ እንዳያሳልፍ።

ወደ ጫናው ስመጣ፦ መርማሪን ብቻውን አትተዪው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 274 ጀምሮ የስጋ ምርመራ ሕግ አለ፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ ቅጂ ቄራው ውስጥ ይገኝ። ግን ሌሊት ላይ የሚያድነው ወረቀቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። «አወገድኩ» የሚለው ውሳኔ የመርማሪው ይሁን፣ ይግባኙ ግን ወደ አንቺ ብቻ ይምጣ፤ እስከ ንጋት ድረስ ስጋው ታግዶ ይሰቀል። ባለ ሉካንዳው ሊከራከር የሚችለው ከመርማሪው ጋር አለመሆኑን ካወቀ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀራል። መርማሪ ከቄራ ስጋ በነጻም ሆነ በቅናሽ አይውሰድ፤ ጉበትና ኩላሊት «ለቤትህ» የሚባለው ነው ዋናው መግቢያ በር። አንድ መርማሪ ሁልጊዜ ከአንድ ባለ ሉካንዳ ከብት ጋር እንዳይገጥም ተራውን አንቺ አውጪ፣ ራሳቸው አያውጡ።

ማህተም ከመርማሪው እጅ አይውጣ። ሥራ ሲያልቅ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ቁልፉ አንቺ ጋርና ተረኛው ጋር ብቻ ይሁን። ማህተሙ ጭንቅላቱም፣ የሆድ ዕቃውም፣ ሙሉ ስጋውም ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚመታው። ይህ ደግሞ ቁጥር ይጠይቃል። ከብቱ ሲታረድ አንድ ቁጥር ይሰጠው፣ ያ ቁጥር በጭንቅላቱ፣ በሳንባና ጉበቱ፣ በሁለቱም ጎን ስጋ ላይ ይታሰር። ሳንባ ላይ የነቀርሳ (የቲቢ) እብጠት ተገኝቶ የማን በሬ እንደሆነ ካልታወቀ ምርመራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሙሉ ስጋው አልፎ ሄዷል። የቁጥሩ ሰንሰለት የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ አንጀት የሚያወጣው ሠራተኛ የሦስት አራት በሬ ሳንባ አንድ ላይ ሲከምር ነው። ክምር ካየሽ ሥራውን አስቁሚ።

የተወገደ ነገር ወጥቶ እንዳይበላ ተተልትሎ ቀለም ወይም ክሪኦሊን የሚባለው ፀረ ተባይ ይፈስበት፣ በተከደነ ጉድጓድ ይግባ። ውሻ ከደረሰበት የውሃ ቋጠሮ (ከውሻ ትል የሚመጣ ውሃ የያዘ እብጠት) ያለበት ሳንባ በልቶ የትሉን እንቁላል መልሶ ወደ ግጦሽ ይዘራዋል። በቄራው ዙሪያ ውሻ የሚያድር ከሆነ አጥሩን ሳትጠግኚ ስለ ውሃ ቋጠሮ ስታቲስቲክስ አትድከሚ።

የዶሮ ባለሙያ፦

ዶሮ ሌላ ዓለም ነው፤ መርማሪ የሚያየው ነጠላ ዶሮ ሳይሆን መንጋ ነው። መጀመሪያ ወረቀት ጠይቂ፦ ከየት እርባታ፣ ስንት ሞተ፣ ምን መድኃኒት ተሰጠ፣ መቼ ቆመ። ሣጥኑ ሲራገፍ የሞቱት ይቆጠሩ። ከተለመደው በላይ ሞት ካለ፣ አንገት የሚጠማዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የመተንፈስ ችግር ካለ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል እርዱ አይጀመር። በአካባቢው እንቁላል ጣይ የሚያረባ ገበሬ እንዳይጠቃ ሣጥኖቹም ሳይታጠቡ አይመለሱ።

መኖው ከእርድ በፊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይከልከል፣ ውሃ ግን ይኑር። ከዚህ ካነሰ የአንገት ከረጢቱ ሞልቶ ሲወጣ ስጋው ላይ ይፈሳል፤ በጣም ከረዘመ አንጀቱ ሳስቶ ሲያወጡት ይበጠሳል። ሠራተኛው «አንጀቱ እየተበጠሰ አስቸገረን» ካለ ጥፋቱ ያለው ቢላዋው ላይ ሳይሆን እርባታው መኖ በከለከለበት ሰዓት ላይ ነው።

በእጅ በሚሠራ ማረጃ ውስጥ ዋናው ስህተት ለላባ መንቀያው ውሃ ነው። ቤት እንደለመድነው በፈላ ውሃ ሲነከር ቆዳው ይበስልና ይቀደዳል። ከ58 እስከ 60 ዲግሪ ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ደሙ ፈስሶ ሳያልቅ አይነከር፤ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይንጠልጠል። ቆዳው ቀይ፣ አንገቱ የጠቆረ ዶሮ ሲገኝ ሳይታረድ የሞተ ወይም በሕይወት ውሃ ውስጥ የገባ ነውና ይወገድ። ከዚያ መርማሪው የአየር ከረጢቶቹን ቢጫ ልብጥ፣ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፣ ያበጠ ወይም የነጠበ ጉበት ያያል። ኩስ የነካው ስጋ አንድም ቢሆን ወደ ቀዝቃዛው ውሃ አይግባ፤ ያ ውሃ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ጀርሞችን ከአንዱ ዶሮ ለሁሉም ያዳርሳል። የነካው ክፍል ይቆረጥ፣ በጨርቅ መጥረግ ግን ክልክል ነው፤ ጨርቁ ራሱ አስተላላፊ ነው። ከ1.8 ኪሎ በታች የሆነ ዶሮ በ4 ሰዓት ውስጥ 4 ዲግሪ መድረስ አለበት፣ ቴርሞሜትሩም ደረቱ መሃል ይወጋ።

ስለ ፍጥነት፦ በአሜሪካ የቆየው አሠራር ለአንድ መርማሪ በደቂቃ ከ35 ዶሮ በላይ አይመድብም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በመጣው አሠራር መስመሩ በደቂቃ እስከ 140 እንዲሄድ ተፈቀደ። እነዚያ ግን መስታወት፣ ማንጠልጠያና ማሽን ያላቸው ናቸው። አንቺ ጋር ፍጥነቱን የሚወስነው አንጀት አውጪው ነው። የሆድ ዕቃው ከዶሮው ሳይለይ፣ አጠገቡ ተንጠልጥሎ ለመርማሪው ይድረስ። እሱ ከሌለ የመርማሪው ቁጥር ቢበዛም ምንም አያይም።

ነባር የቄራ ሐኪም፦

አንድ ነገር ረሳሁ። ሁዳዴ ሲገባ እርዱ ወደ ጥቂት ከብት ይወርዳል፣ ለሙስሊም ወገኖች በሚታረድበት መስመር ብቻ ሥራ ይቀራል። በ55 ቀን ውስጥ የመርማሪ እጅ ይለዝባል፣ ቢላዋም ይዝጋል፣ ከዚያ በአንድ ሌሊት የዓመቱ ትልቁ ቁጥር ይመጣል። ሁለቱን ወር ተረኝነቱን አይቀንሱ፤ አራቱም በዚያው መስመር ላይ እየተፈራረቁ ሙሉ ቁርጡን በዝግታ ይሥሩ፣ የጉበቱን ልምምድም ያኔ ያድርጉት። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት መብራቱን፣ የቢላዋ ማምከኛውን፣ የማህተም ቀለሙንና የቁጥር ታጎቹን ቆጥረው ያስገቡ። ለዚያ ሌሊት አራቱም ይግቡ፦ ሁለቱ ጭንቅላትና ወርች ላይ፣ አንዱ የሆድ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሙሉ ስጋና ማህተም ላይ። ለሉካንዳዎቹም ከብቱ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት በረት ካልገባ ያን ሌሊት እንደማይታረድ በጽሑፍ ይንገሩና ይጽኑበት፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ በር እየደበደበ የሚመጣው በሬ ነው ሳይታይ የሚያልፈው።